የአስፈሪ ኮሚክ ጸሐፊ ለመሆን፦ የመጀመሪያዎቹ 8 ገጾች

ኮሚክ በሳጥን በሳጥን በተከፋፈሉ ተከታታይ ሥዕሎች የሚነገር ታሪክ ነው፤ ለመጻፍ ሥዕል መቻል ግዴታ አይደለም። ጸሐፊው ታሪኩን ገጽ በገጽ፣ ሳጥን በሳጥን ከፋፍሎ ይጽፋል፤ ሠዓሊው ይሥለዋል። ጸሐፊው የሚወስነው አንባቢ ምን እንደሚያይ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚያየውም ጭምር ነው። አስፈሪ ታሪክ ላይ ደግሞ ይቺ "መቼ" ወሳኝ ናት።

መሃል አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ትምህርቱ ቅርብ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ወዳሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ጎራ በሉና የንግሥተ ሳባን ታሪክ ሥዕል ጊዜ ሰጥታችሁ እዩት። በተከታታይ ሳጥኖች ነው የተሣለው፤ 44 ሳጥን ያላቸው አሉ። አጀማመሩን ልብ በሉ። ሕዝቡ ዘንዶ ያመልካል፣ ልጃገረድ ይገብርለታል። ይህ በቤታችን ግድግዳ ላይ የኖረ አስፈሪ ኮሚክ ነው። ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ውጡ። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉ። ደጋጎቹ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ክፉዎቹ ግን በጎን ናቸው፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ይህን ማስታወሻችሁ ላይ ያዙት፤ እንፈልገዋለን።

ቀጥሎ ፍርሃት ሰብስቡ። ቫምፓየርና ዞምቢ ላይ ሌሎች ብዙ ሠርተውበታል። እኛ ያደግነው "በቀትር ወንዝ አትውረድ፣ አመድ አትርገጪ" እየተባልን ነው። ብዙ አስፈሪ ታሪክ ጨለማ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ የቀትር ጋኔን ግን በጠራራ ፀሐይ ነው የሚመጣው። ጥላ የሌለበት፣ ብርሃን የሞላበት ገጽ ላይ ማስፈራት መቻል ትልቅ ሀብት ነው። የሰፈር እማማዎችን ጠይቁ። ግን "ምን ያስፈራችኋል?" አትበሏቸው። "ልጅ ሆናችሁ የት እንዳትሄዱ ትከለከሉ ነበር?" በሏቸው። መልሱ ቦታ ይዞ ይመጣል፤ ቦታ ደግሞ ይሣላል።

አንድ ነገር አደራ። ቡዳ እየተባሉ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች በእውኑ ዓለም ተገልለዋል፣ ተጎድተዋል። ሙያተኛን ወይም የአንድን ብሔረሰብ ሰው ጭራቅ አድርጋችሁ አትጻፉ። ፍርሃቱ ከገጹ ወጥቶ ሰው ላይ ማረፍ የለበትም።

ከዚያ አንድ ቦታ ምረጡ። ፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል፤ የቀሩትን ቶሎ ሄዳችሁ እዩ። የበሩን መቀርቀሪያ፣ የቆርቆሮውን አጥር፣ የእንጨቱን ደረጃ ፎቶ አንሱ። ሠዓሊው "አሮጌ ቤት" ተብሎ ቢጻፍለት ምንም አይጠቅመውም። የትኛው ሳንቃ እንደተሰበረ ንገሩት።

አሁን ጻፉ። በ8 ገጽ ጀምሩ። ሁለት ኤ4 ወረቀት መሃል ላይ ሲታጠፍ 8 ትንንሽ ገጽ ይሆናል፤ ማንኛውም ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራዋል። ጎዶሎ ቁጥር ገጾች በቀኝ፣ ሙሉ ቁጥሮቹ በግራ ይውላሉ። ስለዚህ አንባቢ ገልጦ የሚያገኘው ሁልጊዜ 2፣ 4፣ 6 ወይም 8ን ነው። ጥያቄው ጎዶሎ ገጽ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ፤ አስፈሪው ነገር ሙሉ ቁጥሩ ገጽ መጀመሪያ ላይ ይጠብቅ። ለምሳሌ እንዲህ፦

ገጽ 5፣ የመጨረሻ ሳጥን። ቀትር። ጥላ የለም። ሰላም ምሳ ዕቃ ይዛ ወደ ግቢው ገብታለች። ዘበኛው አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።
ሰላም፦ አባዬ፣ ምሳ አምጥቻለሁ።
የአባቷ ድምፅ፣ ከአጥሩ ውጭ፦ ሰላምዬ! የት ገባሽ? እዚህ ነኝ እኮ!

ገጽ 6፣ ሙሉውን ገጽ የያዘ አንድ ሳጥን። በርጩማው ላይ ያለው ዞሯል። በጎን ነው። አንድ ዓይን።
ንግግር የለም።

ከገጽ 5 በፊት አባትየው ሁሌ ፊት ለፊት ከተሣለ፣ እዚህ ደም መርጨት አያስፈልግም። አንባቢው ከልጅነቱ ያየውን ሥዕል ያስታውሳል።

ንግግር አታብዙ። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ "አልመጣችላቸውም" ብቻውን መስመር ይሞላል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአሥር ቃል በላይ ሲናገር እኔ መቁረጥ እጀምራለሁ። ድምፅ ላይ ግን ቋንቋችን ባለጸጋ ነው፤ ሲጥ፣ ጓ፣ ዱብ፣ ኮሽ። ከሁሉም "ኮሽ" ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ምን እንደሆነ አይታወቅማ።

ሠዓሊ ለማግኘት፣ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅ ሂዱ። ስምንቱንም ገጽ ጨርሳችሁ አሳዩ፤ ሐሳብ ብቻ ይዛችሁ የሰው ጊዜ አትውሰዱ። ክፍያውን፣ የማን ስም የት እንደሚገባና ገቢ ቢገኝ አከፋፈሉን በጽሑፍ ተፈራረሙ፤ ጓደኛም ቢሆን። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተጻፈውንና የተሣለውን ሥራ ነው፤ በአእምሮ ያለ ሐሳብን አይጠብቅም።

በቴሌግራም የምታሠራጩ ከሆነ ገጽ መግለጥ የለም። አንባቢ በጣቱ ወደ ታች ይስባል። እዚያ የገጹን ሥራ የሚሠራው ባዶ ቦታ ነው፤ ከአስፈሪው ሳጥን በፊት ረጅም ባዶ ተዉ።

ገቢውን በተመለከተ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ኮሚክ ብቻውን ቶሎ እንጀራ አይሆንም። መደበኛ ሥራችሁን ያዙ። ሳጥን በሳጥን መጻፍ ከቻላችሁ ግን የማስታወቂያ ስክሪፕትና የጤና ትምህርት ሥዕላዊ ጽሑፍም መሥራት ትችላላችሁ። ለእነዚያ ይከፈላል።

የታተመውን ለማያውቃችሁ ሰው ስጡና አጠገቡ ተቀመጡ። ምንም አታስረዱ። ገጽ 5 ላይ እጁ ካልዘገየ ያቺን ገጽ እንደገና ጻፏት።