ቤት ውስጥ የጨዋታ ሰዓት እንዴት ይያዛል?

ልጄ የጨዋታ ሕክምና (ልጅ በንግግር ፋንታ በጨዋታ ስሜቱን የሚያወጣበት የሥነ ልቦና ሕክምና) በጀመረ ሰሞን ከባለሙያዋ ክፍል ሲወጣ፣ ጫማውን እንኳ ሳያስር «ምን ተጫወታችሁ? ምን አለችህ?» እያልኩ አፋጥጠው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት «ምንም» አለኝ፤ በአራተኛው ጭራሽ አልገባም ብሎ በሩ ላይ ተቀመጠ። ሲወጣ አትጠይቁት። «መጣህ? እንሂድ» ይበቃል። ማወቅ የምትፈልጉትን እሱ በሌለበት ባለሙያዋን ጠይቁ።

ሕክምናው በአብዛኛው ከ3 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። በዚህ ዕድሜ የሆድን በቃል ማውጣት ይከብዳል፤ አሻንጉሊት መደብደብ፣ መቅበር፣ ማስታመም ግን ይቀላል። በርናርድ እና ሉዊዝ ገርኒ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወላጆች ራሳቸው ከልጃቸው ጋር እንዲህ ያለ የጨዋታ ሰዓት እንዲይዙ ማሠልጠን ጀመሩ። የልጃችሁ ባለሙያ ከተስማማች እናንተም ሞክሩት።

በሳምንት አንዴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ 30 ደቂቃ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ከለር፣ ፕላስቲሊን፣ የእንስሳትና የቤተሰብ አሻንጉሊቶች፣ የሐኪም መጫወቻ በአንድ ካርቶን አድርጉ። በባትሪ የሚጮኸውን ተዉት፤ እሱ ይጫወታል፣ ልጁ ያያል።

ከባዱ የእናንተ አፍ ነው። አትጠይቁ፣ አታስተምሩ። ላሟን ጣሪያ ላይ ካወጣት «ላም ጣሪያ ላይ አትወጣም» አይባልም፤ «ላይ ድረስ አወጣሃት» ይባላል። «ጎበዝ» ማለትም ይቅር፤ እናንተን ለማስደሰት መጫወት ይጀምራል። ያዩትን ብቻ መናገር መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ የእግር ኳስ አስተላላፊ የሆናችሁ ይመስላችኋል።

እኔ አሥር ደቂቃ ቻልኩ። ትንሿን አሻንጉሊት ትራስ ሥር ሲቀብራት «ማን ናት? እህትህ ናት?» አልኩ። ተነሥቶ ወጣ። በሳምንቱ ደግሞ ቀበራት። «ደበቅካት፤ ማንም እንዲያገኛት አልፈለግክም» ብዬ ዝም አልኩ። ብዙ ቆይቶ ራሱ አወጣት፣ መርፌ ወጋት፣ አስተኛት።

መኪናውን ሊወረውርባችሁ ቢል ቁጣ አያስፈልግም፦ «ተናደሃል። እኔን መምታት ግን አይቻልም። ትራሱን መምታት ትችላለህ።» ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር ከዘለላችኋት መኪናው ይመጣል።

ሊያበቃ 5 ደቂቃ ሲቀረው ንገሩት። አንድ ሰው ሲጎዳው የሚያሳይ ጨዋታ ከደጋገመ እናንተ አትመርምሩት፤ ያያችሁትን ጽፋችሁ በዚያው ቀን ለባለሙያዋ ንገሩ። ካርቶኑ እስከ ሳምንቱ ይዘጋ፣ ቢያለቅስም።