መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱን ወደ ታብሌት ማሻገር

ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ በዴስክቶፕ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር መብራቱ እልም ይላል። እኔ ያኔ ታብሌቴን አቆምና ኪቦርዴን ከዴስክቶፑ ወደ ታብሌቱ የሚያሻግረውን 2 የተጻፈበትን ቁልፍ ጫን አደርጋለሁ። የምጽፈው ጉግል ዶክስ ላይ ስለሆነ፣ በሲም ካርዱ ዳታ ከፍቼ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ዕቃው። ፈረንጅ አራዳም ሆነ መርካቶ ስትገዙ ኪቦርዱ ላይ 1፣ 2፣ 3 የተጻፈባቸው መቀያየሪያ ቁልፎች መኖራቸውን እዩ። ሎጂቴክ ኬ380 እንዲህ ያለ ነው፤ ሦስት መሣሪያ ይይዛል፣ የሚሠራውም በሁለት ትንንሽ ባትሪ ነው። "ዋየርለስ ነው" ስለተባላችሁ ብቻ አትግዙ። በዩኤስቢ ሪሲቨር (ኮምፒውተሩ ላይ በምትሰካ ትንሽ መቀበያ) ብቻ የሚሠራ ከሆነ በየጊዜው ነቅሎ መሰካት ነው፤ ያ ደግሞ ያሰለቻል። ማውሱም መቀያየሪያ ያለው ይሁን። ዴስክቶፓችሁ ብሉቱዝ ከሌለው ዩኤስቢ ላይ የምትሰካውን ትንሿን የብሉቱዝ ዶንግል ጨምሩ።

አሁን መብራት እያለ እናገናኝ።

1. ኪቦርዱ ላይ 1 የተጻፈበትን መቀያየሪያ ቁልፍ ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። መብራቷ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ስትል ልቀቁ።

2. ኮምፒውተሩ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ብሉቱዝን ክፈቱ፤ አዲስ መሣሪያ ጨምር በሉትና የኪቦርዱን ስም ምረጡ። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ካወጣ በዚያው በኪቦርዱ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ቁጥሩ ካልተጻፈ ግን አይገናኝም።

3. 2 የተጻፈበትን መቀያየሪያ ቁልፍ በተመሳሳይ መንገድ ይዛችሁ ከታብሌቱ ብሉቱዝ ጋር አገናኙ።

4. ማውሱንም እንዲሁ አድርጉ። አይፓድ ከሆነ ሲስተሙ 13.4 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ መቀየር አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው፤ መያዝ አያስፈልግም። ኪቦርዱና ማውሱ ግን ለየብቻ ነው የሚቀየሩት። አንዱን ብቻ ቀይራችሁ "ማውሱ ተበላሸ" እንዳትሉ።

አማርኛ ለምትጽፉ አንድ ነገር ልጨምር። ኪቦርድ ሲገናኝ የአንድሮይድ ታብሌት የስክሪን ኪቦርድ ይደበቃል። ሴቲንግ ውስጥ የፊዚካል ኪቦርድ ክፍል ግቡና የስክሪኑም አብሮ እንዲታይ አብሩት። እንግሊዝኛውን በኪቦርዱ፣ አማርኛውን በለመዳችሁት የስክሪን ኪቦርድ ትጽፋላችሁ።