ማግኔትን አየር ላይ እንዴት ማንሳፈፍ ይቻላል? በተበላሸ ስፒከርና በመጥረጊያ እንጨት

ቤቴ ፉሪ ነው። ከለቡ ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። የጅቡቲው ባቡር ሲያልፍ ከሩቅ ይሰማኛል፤ የብረት ጎማ የብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል። አንድ ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ቆመን ስናይ፣ "ሐዲዱን ሳይነካ የሚሄድ ባቡር አለ የሚባለው እውነት ነው?" አለኝ። እውነት ነው አልኩት። ግን በቃል ብነግረው እንደማይገባው አውቄያለሁ። ስለዚህ ቤት ገብተን ሠራነው። መብራት አይፈልግም። እንዲያውም እኛ ስንሠራ መብራት ሄዶ ነበር።

መጀመሪያ ማግኔት ፈልጉ። የሚያስፈልጋችሁ የቀለበት ቅርጽ ያለው፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ነው። አብዛኛው የተበላሸ ትልቅ ስፒከር ጀርባው ላይ አንድ አለው። ራዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰዎች ጥግ ላይ የከመሩት አይጠፋም። ቆራሌው በሰፈራችሁ ሲያልፍም ጠርታችሁ ጠይቁት። መጠናቸው ተቀራራቢ የሆነ ሁለት ይበቃል፤ ሦስት ከሆነ ግን ብዙ ነገር ያሳያችኋል።

ማግኔቱ በሁለት ብረት መሐል በሙጫ ተጣብቋል። በመዶሻ አትምቱት። ጥቁሩ ማግኔት እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው፤ የመጀመሪያው የእኛ ማግኔት ሦስት ቦታ የተሰበረው በዚህ ነው። ይልቅ ምግብ በማይሠራበት አሮጌ ጣሳ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቱትና ቀስ ብላችሁ አፍሉት። ሙቀቱ ሙጫውን ያላላዋል። ከዚያ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከብረቱ ሥር አስገብታችሁ በየዙሪያው ትንሽ ትንሽ ፈልቅቁ። እንቢ ካለ መልሳችሁ አፍሉት። በጉልበት አይሆንም።

ቀጥሎ ፊታቸውን ለዩ። የቀለበቱ አንዱ ጠፍጣፋ ፊት ሰሜን ዋልታ፣ ሌላው ደቡብ ዋልታ ነው። ሁለቱን አጥብቃችሁ ይዛችሁ አቀራርቡ። በአንድ በኩል ተሳስበው ይጣበቃሉ፤ አንዱን ስትገለብጡት ይገፋፋሉ። የተገፋፉትን ሁለት ፊቶች በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉባቸው። ሦስተኛውንም ከምልክቱ ጋር የሚገፋፋው ፊቱ የትኛው እንደሆነ አይታችሁ ቀቡት። ይህን ካልሠራችሁ በኋላ ግራ ይገባችኋል።

አሁን ማቆሚያውን ሥሩ። ከተሰበረ መጥረጊያ እንጨት አንድ ክንድ ያህል ቁረጡና ጣውላ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ቸንክሩት። ምስማሩ ከታች ይግባ፤ ከላይ ብረት መኖር የለበትም። እንጨቱ ለቀዳዳው በጣም ከቀጠነ ማግኔቱ ያጋድልና ይወሸቃል። ወረቀት ጠቅልሉበት። ቀለበቱ ያለ ችግር እንዲንሸራተት፣ ግን ብዙ እንዳይወዛወዝ።

የመጀመሪያውን ማግኔት ቀለሙ ወደ ላይ ሆኖ አስገቡ። ሁለተኛውን ቀለሙ ወደ ታች አድርጋችሁ ልቀቁት። ይወርዳል፣ ከዚያ ይቆማል። ከሥሩ ምንም የለም። የእህቴ ልጅ ክር አለ ብሎ በክፍተቱ ወረቀት አሳለፈ፣ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ። በጣት ወደ ታች ግፉት፤ መጀመሪያ ለስላሳ ነው፣ እየቀረበ ሲሄድ እየጠነከረ ይመጣል። ስትለቁት ዘሎ ይመለሳል።

ሦስተኛውን ከላይ ጨምሩ፤ ቀለሙ ወደ ላይ ይሁን። አሁን ማስመሪያ ያዙ። የእኛ የታችኛው ክፍተት ብቻውን ሲሆን 3 ሣንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ሦስተኛው ሲጨመር ወደ 2 ወረደ። የታችኛው ክፍተት የሁለት ማግኔት ክብደት ስለሚሸከም ሁልጊዜ ከላይኛው ይጠባል። ክብደቱ እጥፍ ሆኖ ሳለ ክፍተቱ ግን በግማሽ እንኳ አልቀነሰም። ማግኔት ሲቀርብ ግፊቱ በፍጥነት ስለሚጨምር ነው። ይህ ልኬት ከሁሉም በላይ የምወደው ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሞክሩ። ሁሉንም ወደ ሱቅ ውሰዱና በሚዛን አስመዝኑ፤ ሚዛኑ ብረት ስላለው ከሥር ወፍራም ካርቶን አድርጉ። አንዴ ተንሳፍፈው፣ አንዴ ተጣብቀው። ልጁ ሲንሳፈፉ ይቀላሉ ብሎ ነበር። ቁጥሩ ግን ያው ነው። የታችኛው የላይኛውን ወደ ላይ ሲገፋ የላይኛውም የታችኛውን በዚያው ልክ ወደ ታች ይጫነዋል። ተንሳፋፊው ባቡርም ክብደቱ አይጠፋም፤ መንገዱ ይሸከመዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ዋናው ሙከራ ነው፤ እንዳትዘሉት። እንጨቱን አውጡና ማግኔቶቹን ያለ እንጨት ለማንሳፈፍ ሞክሩ። አይሆንም። ትንሽ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ይገለበጣል፣ ጥፍ ብሎ ይጣበቃል። ጣታችሁን ጠብቁ። ስንፍና አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ኤርንሾ እ.ኤ.አ. በ1842 በሒሳብ ያረጋገጠው ነገር ነው። ባሉበት የቆሙ ቋሚ ማግኔቶች ብቻቸውን ሌላ ማግኔትን ረጋ አድርገው አየር ላይ ሊይዙ አይችሉም። ማንሳቱ ቀላል ነው። የሚከብደው ማርጋቱ ነው። የባቡር መሐንዲሶች አሥርተ ዓመታት የፈጀባቸው ለዚህች የመጥረጊያ እንጨት ምትክ መፈለግ ነበር።

አንዱ ምትክ በሻንጋይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ባቡር 30 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ከቃሊቲ ቢሾፍቱ ያህል። በሰዓት እስከ 431 ኪሎ ሜትር እንዲበር ተደርጎ ስለተሠራ መንገዱን በ8 ደቂቃ ያህል ይጨርሰው ነበር። ባቡሩ መንገዱን ከጎንና ከሥር አቅፎ ይይዛል። ከባቡሩ ሥር ያሉት ኤሌክትሮማግኔቶች፣ ማለትም ኮረንቲ ሲያልፍባቸው ማግኔት የሚሆኑ ጥቅል ሽቦዎች፣ ወደ ላይ ወደ መንገዱ ብረት ይሳባሉ። ክፍተቱ 1 ሣንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሴንሰሮች ክፍተቱን ያለማቋረጥ ይለካሉ፤ ሲጠብ ኮረንቲው ይቀነሳል፣ ሲሰፋ ይጨመራል።

ጃፓኖች ሌላ መንገድ መረጡ። ባቡራቸው ላይ ሱፐርኮንዳክተር የሆነ፣ ማለትም በጣም ሲቀዘቅዝ ኮረንቲን ያለ ምንም እንቅፋት የሚያሳልፍ ጥቅል ሽቦ አለ፤ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል። ባቡሩ ሲሮጥ በመንገዱ ግድግዳ ላይ ባሉት ጥቅል ሽቦዎች ውስጥ ኮረንቲ ይፈጠርና መልሶ ያነሳዋል፣ መሐልም ይዞ ያረጋዋል። ቆሞ ሳለ ስለማይነሳ፣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪደርስ በጎማ ይሄዳል። ከዚያ 10 ሣንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 በሙከራ ጉዞ በሰዓት 603 ኪሎ ሜትር ሮጧል።

ይህንንም በመጠኑ ቤት ማየት ትችላላችሁ። ከተበላሸ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የወጣ ማግኔት ካገኛችሁ፣ ወፍራም የአሉሚኒየም ድስት ክዳን አዘንብላችሁ በላዩ አንሸራቱት። አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም። ማግኔቱ ግን ማር ላይ እንደተቀመጠ ቀስ እያለ ይወርዳል። የሚይዘው በእንቅስቃሴው አሉሚኒየሙ ውስጥ የተፈጠረው ኮረንቲ ነው። ከሕፃን ግን በጣም አርቁት። ሁለት እንዲህ ያሉ ማግኔቶች ከተዋጡ አንጀትን መሐላቸው አጣብቀው ይበሳሉ። ልቡ ላይ መሣሪያ የተተከለለት ሰውም ካለ አታቅርቡበት።

ማንሳፈፍ ለባቡር ብቻ አይደለም። የደከመ ልብን የሚያግዝ፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ክፍል በማግኔት ተንሳፍፎ የሚሠራ የደም ፓምፕ አለ፤ ምንም ስለማይፋተግ የደም ሕዋሳት ብዙም አይጎዱም። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ የፊዚክስ ተመራማሪው አንድሬ ጋይምና ባልደረቦቹ በኔዘርላንድስ ሕያው እንቁራሪት በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ አንሳፍፈዋል። በሰውነቷ ያለው ውኃ ማግኔት በጥቂቱ ይገፋዋል፤ ማግኔቱ በጣም ሲበረታ ያ ጥቂት ግፊት ይበቃል።

ስትጨርሱ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ከላይ አውጡ። በየመሐላቸው የታጠፈ ካርቶን አድርጋችሁ በጫማ ካርቶን አስቀምጡ፤ ከኤቲኤም ካርድ አርቃችሁ። እንጨቱንም አብራችሁ ክተቱት።