ዓይነ ስውርነትን ለቀጣሪ ሲናገሩ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ዓይነ ስውር መሆንን ሳይናገሩ ለጽሑፍ ፈተና መቅረብ ነው። ሲመዘገቡ ዝም፣ ስማቸው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ዝም፣ በፈተናው ቀን ነጭ በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። ፈታኙ ይደነግጣል። አንባቢ አልተዘጋጀም፣ ተጨማሪ ሰዓት አልተፈቀደም፣ ያለው የታተመ ወረቀት ብቻ ነው። በሕግ ጥሩ ውጤት ይዞ የተመረቀ አንድ ልጅ እንዲሁ ሄዶ፣ ከመዝገብ ቤት የተጠራች ሠራተኛ ጥያቄውን ታነብለት ጀመር። እሷ ምን ታድርግ? የሕግ እንግሊዝኛ አታውቅም። ቃሉ ሲጠፋባት ፊደል በፊደል እያስቆጠራት ሰዓቱ አለቀ። ስንት ዓመት የተለፋበት እውቀት ወረቀቱ ላይ ሳይሰፍር ቀረ!

ማመልከቻና ሲቪ ላይ መጻፍ አለባችሁ አልልም። ለፈተና በተጠራችሁበት ዕለት ግን ተናገሩ፦ «ዓይነ ስውር ነኝ። መስኩን የሚያውቅ አንባቢና ተጨማሪ ሰዓት ያስፈልገኛል፤ ጥያቄው በዎርድ ፋይል ከተሰጠኝም በኮምፒውተር እሠራዋለሁ።» «ካወቁ ይሰርዙኛል» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ የሚሰርዙም አሉ። ነገር ግን ሊሰርዛችሁ ያሰበ በሩ ላይ ሲያያችሁም አይመለስም። ሊያዘጋጅላችሁ ፈቃደኛ የነበረው ግን ጊዜ ያጣል።

ሁለተኛው፣ ተናግሮ እዚያው ማቆም ነው። ጠያቂው ምናልባት ከዓይነ ስውር ጋር ሠርቶ አያውቅም፤ እናንተ ያልነገራችሁትን በራሱ ግምት ይሞላዋል። ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ግቡ። ኤንቪዲኤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ፣ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ ጫኑትና ከእነሱው አንድ ደብዳቤ ተቀብላችሁ እያስነበባችሁ መልስ ጻፉ። የማይሠራውንም አትደብቁ፤ ስካን የተደረገ ወረቀት ለሶፍትዌሩ ፎቶ ነው፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ አማርኛም ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል አቀማመጥ) ስላልሆነ ትርጉም የለሽ ድምፅ ብቻ ያሰማል። «ዎርዱን በዩኒኮድ ላኩልኝ» ሲባል ችግሩ ከነመፍትሔው ይታያቸዋል።

በከፊል የምታዩ ደግሞ ለብቻችሁ ስሙኝ። እንደሚያይ ሰው መምሰል ትችላላችሁ፣ የሚያሳስታችሁም እሱ ነው። በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች አንዲት ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ ኤክሴል ተከፍቶ «እዚህ ምን ስህተት ይታይሻል?» ተባለች። ቁጥሩ ደቆባት ነበር፤ «ይጉላልኝ» ማለት አፍራ «ምንም» አለች። እነሱ የደመደሙት ሒሳብ አታውቅም ብለው ነው። የዓይኗን ነገር እስከ ዛሬ አያውቁም። አንድ ቃል ብትናገር እኮ ኮንትሮልን ይዞ የማውሱን ጎማ ማሽከርከር ብቻ ነበር የሚቀረው!

የሕክምና ታሪካችሁን ከልጅነት ጀምሮ አትዘርዝሩ። መንገድ የመራችሁ ወንድም ወይም ጓደኛ ውጭ ይጠብቅ፤ አብሮ ከገባ ጥያቄው ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። «ዕድል ስጡኝ» እያሉ መለመንም ይቅር፤ ሙያ ይዛችሁ ነው የሄዳችሁት።

በመጨረሻ ሕጉ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ጨርሶ ሳያውቅ የሚሄድ አለ፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጥ በአዋጁ የሚያስፈራራም አለ። አዋጁ ቀጣሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድደዋል፤ መድልዎ ደርሶብኛል የሚል አካል ጉዳተኛም የማስረዳት ሸክም ሳይጣልበት ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። ይህን እያወቃችሁ መጀመሪያ በትሕትና ጠይቁ፣ ጥያቄያችሁ ግን በጽሑፍ ይሁን። ስልክ ብትደውሉም በዚያው ቀን ኢሜይል አስከትሉ፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቀሪው ላይ ማህተምና ቀን አስደርጉበት። ፈተናው ቀን «አልነገራችሁንም» ሲሏችሁ የምታወጡት ያንን ቀሪ ነው።