ብርቅዬ ኦርኪድን ከነፈንገሱ ማብቀል

የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አንድ ፍሬ ሺዎችን፣ አንዳንዴም ሚሊዮኖችን ይይዛል፤ ግን አንዱም በውስጡ ስንቅ የለውም። ተፈጥሮ ላይ ጽንሱ የሚያድገው ተስማሚ ፈንገስ ገብቶ ሲመግበው ብቻ ነው፤ ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር እ.ኤ.አ. በ1899 የደረሰበት ይህን ነው። በ1922 ሉዊስ ክኑድሰን ስኳር ባለው ምግብ ላይ ያለ ፈንገስም እንደሚበቅል አሳየ። ለአበባ ነጋዴ ይህ ይበቃል። ተክሉ ወደ ዱር የሚመለስ ከሆነ ግን የገዛ ፈንገሱን ይዞ ቢሄድ ይሻላል። ሥራው ሁለት ነው፦ ተክሉ ሥር ውስጥ የሚኖረውን ፈንገስ ማውጣትና ዘሩን ከእሱ ጋር ማብቀል። የሚከብደውም ፈንገሱን ማውጣት ነው።

ሲሰበስቡ ተክሉን አይንቀሉ፤ አንድ ወይም ሁለት የሥር ቁራጭ ይበቃል። ዘርም ቢሆን በዕለቱ ከበሰለው ከ20 በመቶ በላይ አይውሰዱ። ኦርኪዶች የዱር ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ስለሚጠበቁ ሥሩን ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ያስፈልጋል።

ፈንገሱን ማውጣት

ሥሩን ተክሉ በደንብ በሚያድግበት ወቅት ይቁረጡ፤ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለው ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ ያኑሩት። በ48 ሰዓት ውስጥ ሥራው ካልተጀመረ ፈንገሱ እየደከመ ባክቴሪያው ይበረታል።

አፈሩን በሚፈስ ውኃ አጥበው ሥሩን በ2 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ። 10 ሚሊ ሊትር የቤት በረኪና በ90 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጠው ቁራጮቹን ለ1 ደቂቃ ይንከሩ፤ ከዚያ ከጀርም በጸዳ ውኃ 3 ጊዜ ያለቅልቁ። ቀጭን ሥር በረኪና ውስጥ ከቆየ የሚፈልጉት ፈንገስም አብሮ ይሞታል።

ቁራጩን በጸዳ ውኃ ጠብታ ውስጥ አድርገው የውጭ ቆዳውን በምላጭ ይግፈፉ፤ የውስጡን ሥጋ በመርፌ ቀስ እያሉ ይፈልቅቁ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ከሴሎቹ ውስጥ እንደ ልቃቂት የተጠቀለሉ ክሮች ይወጣሉ። በሙያው ስማቸው ፔሎቶን ነው፤ እኛ ልቃቂት እንበላቸው። አንድ በአንድ በቀጭን ፒፔት (የጠብታ መምጠጫ ቱቦ) እየለቀሙ 4 ወይም 5 ጊዜ ወደ አዲስ የጸዳ ጠብታ ያሻግሯቸው። አሰልቺ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው፤ ከዚያ ፈንገሱ የሚያድግበት የላቦራቶሪ ሳህን በባክቴሪያ ሲጨቀይ በረኪናውን ይወቅሳል።

የታጠቡት ልቃቂቶች የሚዘሩበት ምግብ ስስ መሆን አለበት። ለአንድ ሊትር 13 ግራም የድንች ዴክስትሮስ አጋር ዱቄት (ከመደበኛው ሲሶ) እና 10 ግራም ተራ አጋር (ምግቡን የሚያረጋ ዱቄት) ይበቃል። በአውቶክሌቭ (በግፊት በእንፋሎት በሚቀቅል ድስት) ከተቀቀለ በኋላ ወደ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲበርድ 50 ሚሊ ግራም ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን ባክቴሪያ ገዳይ ይጨምሩ፤ ትኩስ ሳለ ከገባ ሙቀቱ መድኃኒቱን ያበላሸዋል።

ሳህኑን ለ4 ቀን በየዕለቱ በማይክሮስኮፕ ይዩ። ከልቃቂቱ ወጥቶ የተዘረጋውን የክር ጫፍ ብቻ ቆርጠው ወደ አዲስ ሳህን ያዛውሩ። የሚፈለጉት ቱላስኔላ፣ ሴራቶባሲዲየም እና ሴሬንዲፒታ የተባሉት ወገኖች ናቸው። ቅርንጫፋቸው ቀጥ ባለ ማዕዘን ወጥቶ መነሻው ላይ ይጠብባል፤ መልካቸው ከነጭ እስከ ክሬም ነው። አረንጓዴ ዱቄት ያፈራውን ሳህን ሳይከፍቱ ይጣሉ፤ ትራይኮደርማ ወይም ፔኒሲሊየም የተባለ ሻጋታ ሊሆን ይችላል። ቅርጽ ብቻውን ግን አይታመንም፤ ዝርያውን ለመለየት አይቲኤስ የተባለውን የዲኤንኤ ክፍል በላቦራቶሪ ያስነብቡ። ቱላስኔላ በተለመዱት ፕራይመሮች (የዲኤንኤውን ቅጂ በሚያስጀምሩ አጫጭር ቁራጮች) ብዙ ጊዜ ስለማይያዝ ለእሱ የተሠራውን ይጨምሩ።

ንጹሕ ሆኖ የተገኘውን ወዲያውኑ ያስቀምጡ፦ ጥቂቱን በ4 ዲግሪ፣ የቀረውን በ10 በመቶ ግሊሰሮል በረዶ አድርገው በፈሳሽ ናይትሮጅን። ከሳህን ሳህን ሲዛወር የኖረ ፈንገስ አንዳንዴ እያደገ እንኳ ዘር የማብቀል ችሎታውን ያጣል።

ዘሩን ማብቀል

ፍሬውን ሊፈነዳ ሲቃረብ ይልቀሙ፤ ዘሩን በሲሊካ ጄል አድርቀው በፍሪጅ ያቆዩ። ከመዝራትዎ በፊት ሕያው መሆኑን በ1 በመቶ ቴትራዞሊየም (ሕያው ሴልን የሚያቀላ ማቅለሚያ) በጨለማ ለ24 ሰዓት ይፈትኑ፤ ሕያው ጽንስ ቀይ ይሆናል። ሽፋኑ ውኃ አያስገባም፤ አስቀድሞ በሃይፖክሎራይት (በረኪና ውስጥ ባለው ማንጫ) ካልሳሳ ሕያው ዘርም ነጭ ሆኖ ይቀርና የሞተ ይመስላል።

የመዝሪያው ምግብ 2.5 ግራም የተፈጨ አጃ፣ 8 ግራም አጋር እና 1 ሊትር ውኃ ነው። ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) 5.5 አድርገው በአውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ይቀቅሉት። ስሌቱ ያለው አጃው ማነስ ላይ ነው። ፈንገሱ ሲጠግብ ሳህኑን ወርሮ ዘሩን ይበላል፤ ሲራብ ግን ከጽንሱ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ዘሩ ቡናማ ሆኖ ከሟሸሸ ሌላ ፈንገስ ከመፈለግዎ በፊት አጃውን ይቀንሱ።

ዘሩን በ1 በመቶ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ከአንድ ጠብታ ትዊን 80 (ዘሩን የሚያርስ ሳሙና መሰል ፈሳሽ) ጋር ይነቅንቁ። የዝርያው ሽፋን እንደ ጥንካሬው ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ ቡናማው ሽፋን ሲነጣ ያቁሙ። አለቅልቀው ከ50 እስከ 100 ዘር በጸዳ የማጣሪያ ወረቀት ቁራጭ ላይ ይበትኑ፤ ወረቀቱን በአጋሩ ላይ ያንጥፉና ከጎኑ ፈንገስ የያዘ የአጋር ቁራጭ ያኑሩ። ፈንገስ የሌላቸው ጥቂት ሳህኖችም ይዝሩ። እነሱም እኩል ከበቀሉ ፈንገስዎ ምንም አልሠራም ማለት ነው።

ሳህኑን በፓራፊልም (በሚሳብ የማሸጊያ ፕላስቲክ) አሽገው በጨለማ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያቆዩ። መጀመሪያ ጽንሱ ያብጣል፤ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ጸጉር መሰል ሥሮች ይወጣሉ፤ ፕሮቶኮርም የተባለው እንክብል ጫፍ ያበጃል። የመጀመሪያዋ ቅጠል ብቅ ስትል ወደ ብርሃን ያውጡት። ሳህኑን በየቀኑ መክፈት ብክለት መጋበዝ ነው፤ በክዳኑ ላይ ሆነው ይዩ።

ሁለት ቅጠልና ሥር ያበጀው ችግኝ በእንፋሎት በተቀቀለ አሸዋና ፒት (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ የተክል አፈር) ድብልቅ ላይ ይተከላል። መጀመሪያ ግልጽ ክዳን ይደፉበት፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ክዳኑን ጥቂት በጥቂት ይክፈቱ። በአንዴ ከተከፈተ ቅጠሉ በአንድ ቀን ይጠወልጋል።

ወደ ዱር ከመውጣቱ በፊት ከጥቂት ችግኞች አንድ አንድ ሥር ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ይመርምሩ። ልቃቂት ካልታየ ከተቀመጠው ፈንገስ አዲስ ቁራጭ ሥሩ አጠገብ ቀብረው አንድ የእድገት ወቅት ይጠብቁ።