የግቢ ዛፎችን ለመጠበቅ ማኅበር ስታቋቁሙ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በቀበና አሮጌ ግቢዎች የቀሩት ወይራ፣ ጽድና ዝግባ ጠባቂ ይፈልጋሉ። ባለይዞታዎች ለዚህ ሲሰባሰቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት በሚከተሉት ነው።

«ብር አዋጥተን መሬቱን እንግዛው» ማለት። የአሜሪካ የመሬት ጥበቃ ማኅበራት መሬት ይገዛሉ፤ ካልሆነም ባለቤቱ የመገንባት መብቱን በውል ይተውላቸዋል። እዚህ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በውል የምታስሩት የመጠቀም መብቱንና ባለይዞታው በላዩ ያፈራውን ንብረት ነው።

በቃል መተማመን። ብዙ ጥረት ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። አንድ አባት በዕድር ስብሰባ ላይ «ወይራዬን ማንም አይቆርጥም» ቢሉ ቃላቸው ወራሾቻቸውን አያስርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ «የንብረት አገልግሎት» የሚለው መብት (አንዱ ይዞታ ለሌላው ይዞታ ጥቅም ሲል የሚሸከመው ግዴታ) ግን ከይዞታው ጋር ይሄዳል። ይህ መብት የሚቋቋመው ለሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ጥቅም እንጂ ለማኅበር አይደለም፤ ስለዚህ አጥር የሚጋሩ ጎረቤቶች እርስ በርስ ይዋዋሉ፣ ማኅበሩ አፈጻጸሙን ይከታተል። አንቀጽ 1723 እንዲህ ያለ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ውልና ማስረጃ ሂዱ። ንብረቱ የጋራ ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ። ከዚያም ውሉ በይዞታው ማኅደር እንዲመዘገብ ጠይቁ፤ ይህ ካልሆነ አዲስ ገዢ «አላውቅም» ይላል።

«አረንጓዴው ቦታ ይጠበቃል» ብሎ መጻፍ። ይህ ዐረፍተ ነገር ፍርድ ቤት ቢቀርብ ምንም አያስረዳም። «ከሰሜኑ አጥር እስከ 12 ሜትር ድረስ አይገነባም» በሉ። እያንዳንዱን ዛፍ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ዙሪያውን በሜትር ለኩ፣ ቁጥር ስጡት፣ በፕላኑ ላይ ምልክት አድርጉበት፣ ቀኑን ጽፋችሁ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሡት። መቁረጥን ብቻ መከልከልም አይበቃም። ግንዱ ዙሪያ ሲሚንቶ የተለሰነበት ወይም ለመሠረት ቁፋሮ ሥሩ የተበጠሰበት ዛፍ መጋዝ ሳይነካው ይደርቃል፤ ሁለቱንም በስም ጠቅሳችሁ ከልክሉ።

ሳይመዘገቡ ገንዘብ መሰብሰብ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ 5 መሥራቾች ያስፈልጋሉ፤ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም ከተቋቋመም የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። በየዓመቱ ዛፎቹን ለሚለካ ባለሙያ በጀት ከመጀመሪያው ያዙለት።

የአካባቢውን የልማት ፕላን ሳያዩ መፈረም። የጎረቤታሞች ውል ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድን ቦታ አያስቀርም። መንገድ በፕላን የወጣበትን ግቢ ትታችሁ ከሌላው ጀምሩ።