ቻትቦት ሊገዙ ነው? ከመፈረምዎ በፊት ራስዎ ይፈትኑት

ሻጩ ላፕቶፑን ከፍቶ ሲያሳይ ቻትቦቱ፣ ማለትም ለደንበኞች ጥያቄ በራሱ መልስ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ የማይመልሰው ጥያቄ የለም። ጥያቄዎቹን የመረጠው ራሱ ሻጩ ነዋ! ሥራ አስኪያጅ ኮድ መጻፍ አይጠበቅበትም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የት የት እንደሚሳሳት ግን ማወቅ አለበት። ጉዳዩን ለአይቲ ክፍል ብቻ መተው አያዋጣም። አይቲ ሲስተሙ መሥራቱን ያረጋግጣል፤ የትኛው ስህተት ድርጅቱን ምን እንደሚያስከፍል የሚያውቀው የሥራው ኃላፊ ነው።

መጀመሪያ አንድ ሥራ ብቻ ይምረጡ። «ኤአይ እናስገባ» ዕቅድ አይባልም፤ «የብድር አከፋፈልን የሚመለከቱ የደንበኞች ጥያቄዎችን ይመልስ» ይባላል። ያንን ሥራ ዛሬ ሠራተኛ ሲሠራው አንዱ ጥያቄ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅና ከመቶው ስንቱ እንደሚሳሳት ይመዝገብ። ያለዚያ ቻትቦቱ ሥራውን ማሻሻሉን በምን ያውቃሉ?

ቀጥሎ ከመዝገብዎ 100 እውነተኛ ጥያቄዎች ያውጡና የደንበኞችን ስምና ሒሳብ ቁጥር ያጥፉ። 60ው የተለመዱ፣ 25ቱ ጠመም ያሉ፣ 15ቱ ደግሞ «አላውቅም» ተብለው ወደ ሠራተኛ መተላለፍ ያለባቸው ይሁኑ። ዋናው ፈተና እነዚህ 15ቱ ናቸው። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ቻትቦቶች መልስ የሚያዘጋጁት ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመቱ ስለሆነ፣ የማያውቁትንም አሳምረው ይናገራሉ። የካናዳው አየር መንገድ የኤር ካናዳ ቻትቦት ለሐዘን ጉዞ የሚሰጠውን ቅናሽ ከጉዞ በኋላም መጠየቅ እንደሚቻል ለአንድ መንገደኛ ነገረው፤ የኩባንያው ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበር። ጉዳዩን የተመለከተው የካናዳ ዳኝነት አካል በፌብሩዋሪ 2024 ኩባንያው ቻትቦቱ ለተናገረው ተጠያቂ መሆኑን ወስኖ ካሳ አስከፈለው። ካሳው ከ1,000 የካናዳ ዶላር በታች ነበር፤ ወሬው ግን ዓለምን አዳርሷል።

አማርኛውን ለብቻው ይፈትኑ፤ የሻጮች ማሳያ ብዙ ጊዜ የሚንኮታኮተው እዚህ ላይ ነው። «ነገ 3 ሰዓት ትከፍታላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ ጠዋት 3 ሰዓትን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጋር ካምታታ፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ይዟል ማለት ነው። «እስከ ጳጉሜን 5 ካልከፈልኩስ?» ብለው ቀኑን በትክክል ማስላቱን ይዩ። አንዱን ስም «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»፣ «ፀሃይ» እያሉ ያስገቡ፤ ሦስት ደንበኛ ካደረጋት የስም ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን አያስታርቅም። ዋጋውም ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎች፣ ማለትም ከቻትቦቱ ጀርባ ሆነው መልሱን የሚያዘጋጁት ፕሮግራሞች፣ የሚያስከፍሉት ጽሑፉን ቆራርጠው በቁራሹ፣ ማለትም በቶክን ነው። አማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ይልቅ በብዙ ቁራሽ ስለሚከፋፈል ያው መልእክት ይወደዳል። ስለዚህ የ1,000 የአማርኛ መልእክት ዋጋ በጽሑፍ ይሰጥዎ።

ውጤቱን ሲሰሙ «99 በመቶ ትክክል ነው» በሚለው አይረኩ። ማጭበርበር የሚለይ ሲስተም እንውሰድ፦ ከ10,000 ዝውውር 100ው የማጭበርበር ቢሆን፣ ሁሉንም «ሰላም ነው» እያለ የሚያሳልፍ ሲስተምም 99 በመቶ ትክክል ይሆናል፤ አንድም ሌባ ግን አልያዘም። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ከ100ው ስንቱን ያዘ? አጠራጣሪ ካላቸው ውስጥስ ስንቱ እውነት ሆነ? የሁለተኛው ቁጥር አነስተኛ ከሆነ ሠራተኞችዎ ንጹሕ ደንበኛ ሲያስጨንቁ ይውላሉ።

ውሉ ላይ አራት ነገር ይግባ፦ ዳታው የት አገር እንደሚቀመጥ፣ ሞዴል ማሠልጠኛ እንደማይሆን፣ ውሉ ሲያበቃ እንደሚሰረዝ፣ የንግግሮቹ መዝገብ ለእርስዎ ክፍት እንደሚሆን። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ የሕግ ክፍልዎ ሳያየው አይፈርሙ። ሠራተኞችም የደንበኛ ዝርዝር ነፃ ቻትቦት ላይ እንዳይለጥፉ በጽሑፍ ይታዘዙ፤ ይህ ዛሬውኑ የሚደረግ ነው።

ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያውን ወር ቻትቦቱ ያርቅቅ፣ ሠራተኛ አይቶ ይላክ። ከዚያ በየሳምንቱ 50 መልስ በዕጣ እየወጣ ይመርመር። ሻጩ ሞዴሉን ባደሰ ቁጥር ደግሞ 100ዎቹ ጥያቄዎች እንደገና ይጠየቁ፤ ትናንት ያለፈው ዛሬ ሊወድቅ ይችላልና፣ ሻጩ ዕድሳቱን አስቀድሞ የማሳወቅ ግዴታም በውሉ ይካተት።